የየኔታ እግርና የላንድሮቨሩ እንግዳ

በእኛ አገር በየዓመቱ ሁለት ነገሮች ሳያሰልሱ ይመጡ ነበር፤ የርብ ወንዝ ሙላትና የጤና ተቆጣጣሪ። ሙላቱ በሐምሌ ይመጣና የፎገራን ሜዳ የጣና ታናሽ ወንድም አድርጎት ይከርማል። ተቆጣጣሪው ደግሞ ውሃው ከሸሸ፣ መንገዱ ከደረቀ፣ ወባም የምትወስደውን ወስዳ ከሄደች በኋላ በጥር ብቅ ይላል። ከሁለቱ የትኛው ይሻላል ብትሉኝ ያከራክራል። ሙላቱ ሲሄድ ቢያንስ ለም አፈር ትቶ ይሄዳል።

እኔ ያኔ በቁሐር ሚካኤል ድሬሰር ነበርሁ። ድሬሰር ማለት ቁስል የሚያጥብ፣ ፋሻ የሚጠቀልል፣ መርፌ የሚወጋ፣ ከሐኪም በታች ከወጌሻ በላይ የሆነ ሰው ነው። ገበሬው ይህን የደረጃ ነገር አያውቅልኝም፤ «ሐኪም» ይለኛል፤ እኔም አላርመውም። የምሠራበት ቤት ከወረታ የግማሽ ቀን መንገድ ርቆ ጉብታ ላይ የቆመ፣ ሁለት ክፍል ያለው የጭቃ ቤት ነበር። ክዳኑ ቆርቆሮ ስለሆነ ዝናብ ሲመጣ ታማሚው የሚናገረው አይሰማም፤ ክረምቱን ሙሉ የማክመው የሰው ከንፈር እያየሁ ነው። ከጀርባው እኔው የቆፈርሁት መጸዳጃ ነበረ። በመላው ፎገራ የሱን ያህል ንጹሕ ቤት አልነበረም፤ ማንም ገብቶበት አያውቅምና።

ተቆጣጣሪ ሲመጣ ይህን ሁሉ ያያል። ወለሉን ያያል፣ የመርፌ መቀቀያውን ክዳን ከፍቶ ይገጥማል፣ መጸዳጃውን ያደንቃል፣ ይፈርማል፣ ይሄዳል። የማያየው አንድ ነገር ቢኖር የኔን እጅ ነው። ትምህርቴን ጨርሼ ከወጣሁ ጀምሮ ስሠራ አጠገቤ ቆሞ «እንዲህ አይደለም» ወይም «ደግ አድርገሃል» ያለኝ አንድም ፍጡር አልነበረም። ሰው ብቻውን ሲሠራ ትክክሉም ስህተቱም እኩል ይለምደዋል። ሁለቱም አንድ ጋቢ ለብሰው አብረውት ይኖራሉ፤ ማን ማን እንደሆነ መለየት አይቻልም።

ይህን ያስተዋልሁት በየኔታ እግር ነው።

የኔታ የቁሐር ሚካኤል መሪጌታ ነበሩ፤ የቤተ ክርስቲያኑን ዜማ የሚመሩና የሚያስተምሩ። የተማረባቸውም ያልተማረባቸውም «የኔታ» ይላቸዋል። ማኅሌት ቆመው ሲመሩ አንዱ ካህን ዜማ ቢስት አይናገሩም፤ ዞረውም አያዩም፤ በቀኝ እግራቸው መሬቱን አንድ ጊዜ መታ ያደርጋሉ። ያች ምት ከግቢው ውጭ ያለ በሬ ታስደነብራለች ይባላል። በሬውን አላየሁትም፤ ካህናቱ ሲደነብሩ ግን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

በነሐሴ ውሃውን እየሰነጠቁ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ያችኑ ቀኝ እግራቸውን አልቅት ነከሰቻቸው፤ ከቁርጭምጭሚታቸው ትንሽ ከፍ ብሎ። ንክሻውን አከኩት፤ ቆሰለ፤ ቁስሉ ሰፋ። በጨዋታ ላይ ይህን ሳወራ «የመሶብ ክዳን ያህል ነበር» እላለሁ፤ እውነቱን ከፈለጋችሁ የሙዳይ ክዳን ያህላል። ለእግር እሱም ይበቃል።

በየማለዳው እቤታቸው እየሄድሁ የደረቀውን ጨርቅ ላጥ አደርግና አዮዲን አፈስበታለሁ። የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነው ዳዊት ይደግማሉ፤ እንደ አዮዲኑ ብዛት ንባቡ ይፈጥናል። አንዳንድ ቀን ፋሻውን ጠቅልዬ ሳልጨርስ ዳዊቱ ያልቃል። መድኃኒት ካላቃጠለ መድኃኒት አይባልም፤ የኔታም እኔም ይህን አምነን ስንቃጠል ከረምን። ቁስሉ ግን ንቅንቅ አላለም። እንዲያውም ማዠት ጀመረ።

በአገራችን ቁስሉ የሚያዥ ሰው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አይገባም። ስለዚህ መሪጌታው ከቅጥሩ ግቢ ዛፍ ሥር እየተቀመጡ ማኅሌቱን በመስኮት መስማት ጀመሩ። ኅዳር ሚካኤል እየቀረበ ነው፤ የደብሩ ትልቁ በዓል። የኔታ የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፦ «ለኅዳር እገባ ይሆን?» እኔም «ይገባሉ» እላለሁ፤ ለማንም ያልነገርሁት የባሰ ሐሳብ ግን ነበረኝ። እንዲህ ያለ እግር መጨረሻው ምን እንደሆነ በትምህርት ቤት በሥዕል አይቻለሁ፤ ከጉልበት በታች ይቆረጣል። ባለ አንድ እግር መሪጌታ ደግሞ አይቼም ሰምቼም አላውቅም።

የሚጠየቅ ሰው ፈለግሁ። የወረታው ድሬሰር ገበያ ቀን ሲያገኘኝ ጉዳዩን በዝርዝር አስረዳሁት። ጢሙን እያሻሸ ከሰማኝ በኋላ «አዮዲን ጨምር» አለኝ። እሱም እንደኔ ብቻውን ነበር።

እንግዲህ አዲስ ተቆጣጣሪ ተሹሞ በጥቅምት ሊመጣ ነው የሚባል ወሬ ከወረታ የደረሰው በዚህ መካከል ነው። አዲስ ስለሆነ መንገዱ የሚደርቀው በጥር መሆኑን ገና አልተማረም። ተቆጣጣሪ ይመጣል ሲባል ደስ ያለው ድሬሰር በዚያ ዘመን እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ያን እግር ላሳየው ነው።

ደስታዬን ለጭቃ ሹሙ ማካፈሌ ግን አልበጀኝም። ጭቃ ሹም ማለት የአጥቢያው ሹም ነው፤ ግብር የሚያስከፍል፣ እንግዳ የሚያስተናግድ፣ ሳይጠሩት የሚገኝ። ይኸኛው ደግሞ እኔን የሚወደኝ ሰው ነበር፤ ሁለት ልጆቹን ከወባ አውጥቼለታለሁ። በነጋታው ሽማግሌዎቹን ሰብስቦ ያስወሰነውን ሊነግረኝ መጣ፦ እንግዳው በሚመጣበት ቀን በአጥቢያው ውስጥ የታመመ ሰው አይታይም።

ነገሩን ለማያውቅ ላስረዳ። በፎገራ ከብት የበዛለት ሰው ላሞቹን ለሌላ ሰው ለርቢ ይሰጣል፤ ጥጃውን ይካፈላሉ። ባለከብቱ በዓመት አንድ ጊዜ ላሞቹን ሊያይ ሲመጣ አርቢው ምን ያደርጋል? የከሳችውንና ያነከሰችውን በሐይቁ ዳር ወዳለው ረጅም ቄጠማ፣ ወደ ደንገሉ ይነዳና የሰባችውን በር ላይ ያስራል። ባለከብቱም ተደስቶ፣ ጠላውን ጠጥቶ፣ አርቢውን መርቆ ይሄዳል። ከብቶቹ የተነጠቁበት አርቢ ካለ ያነከሰች ላም በር ላይ ያሰረ ነው።

«አሁን ስማኝ ሐኪም» አለ ጭቃ ሹሙ። «ያ ሰውዬ ሊያይ የሚመጣ ምኑን ነው? እኛን። ለርቢ የሰጠን ለማን ነው? ላንተ። ታዲያ አንካሳ ቢያይ ምን ይላል? ነጥቆህ ለሌላ ይሰጠናል።»

እንደዚያ እንዳልሆነ፣ ሰውዬው የሚመጣው የታመመ ሊያይ እንደሆነ፣ እንዲያውም እኔ የታመመ እንዲያይልኝ እንደምፈልግ አስረዳሁት። አንገቱን እየነቀነቀ ሰማኝና ልጅነት ነው አለኝ። የኔታን ብቻ እንዲተውልኝ ለመንሁት። ይህን ጊዜ ደነገጠ።

«የኔታን? ከመንጋው ሁሉ የኔታን በር ላይ ልታስር?»

ተቆጣጣሪው በቀጠሮው ቀን ረፋድ ላይ መጣ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ካኪ የለበሰ፣ ሰዓቱን ቶሎ ቶሎ የሚያይ ሰው ነው፤ ወጣት ቢሆንም ግንባሩ ቀድሞት አርጅቷል። ከላንድሮቨሩ ሲወርድ በጣቢያው በር ላይ የጠበቀው ሕዝብ ተመርጦ የተሰለፈ ነበር። ጭቃ ሹሙ ከአጥቢያው የጠገቡ ጎረምሶችን፣ ጉንጫቸው የሚያበራ እናቶችን፣ ሲያለቅሱ የበሬ ድምፅ የሚያወጡ ሕፃናትን ለቅሞ አቁሟል። እንደዚያ ያለ ጤነኛ ሕዝብ ከኖኅ መርከብም አልወረደም።

ተቆጣጣሪው አንዱን ጎረምሳ ምን አሞት እንደመጣ ጠየቀው። ምንም እንዳላመመው፣ ሐኪሙን ሊያመሰግን ብቻ እንደመጣ ነገረው። ወባስ እንዴት ነው አለ። ጭቃ ሹሙ ቀደመኝና «ወባ? እሷ ወዲያ ወደ ይፋግ ናት» አለ፤ ዘመድ ጥየቃ የሄደች አስመስሎ። ተቅማጥ? እሱም ይፋግ ነው። በዚያ ቀን ይፋግ በተባለችው የጎረቤት ገበያ ላይ ያልወደቀ በሽታ የለም።

ከዚያ ወለሉ ታየ፤ መቀቀያው ተከፈተ፤ መጸዳጃው ተደነቀ። ተቆጣጣሪው ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ እንዲህ ያለ ጣቢያ አይቶ እንደማያውቅ ነገረኝ፤ ለሌሎቹም ምሳሌ አድርጎ እንደሚያነሳኝ። የሙገሳ ዝናብ ወረደብኝ። እኔ ግን ከሙገሳው ሥር ቆሜ የማስበው እግር ነው። ጠጋ ብዬ በጆሮው አንድ የከበደኝ ታማሚ እንዳለ፣ ቤቱም ቅርብ እንደሆነ ነገርሁት። ሰዓቱን አየና እሺ አለ።

የየኔታ ባለቤት በር ላይ ቆማ ጠበቀችን። ፊቷ ላይ አንድም ነገር አይነበብም።

«የኔታ የሉም» አለች። «ይፋግ ሄደዋል።»

«በየትኛው እግራቸው?» አልኋት።

«እግዜር በሰጣቸው።»

ከቤቱ ውስጥ ሳል ተሰማ። ሳሉ የየኔታ ነው፤ በሺህ ሳል መካከል አውቀዋለሁ። ተቆጣጣሪው ግን የሚያየው እኔን ነበር፤ እግሩ ሊበሰብስ ነው ያልሁት ሰው ይፋግ ገበያ በእግሩ ከሄደ፣ ወይ እሱ ተአምረኛ ነው ወይ እኔ አጋናኝ ነኝ። አጋናኝ መሆኔን ደግሞ ያኔም አገር ያውቀዋል፤ እውነት የተናገርሁበት ቀን መሆኑ ነው የከፋው። «አይዞህ፣ እየበረታህ ነው» አለኝና ላንድሮቨሩ ውስጥ ገባ።

እንደዚያ ቢሄድ ኖሮ ወሬው እዚህ ላይ ያልቅ ነበር። ያስቀረው የፎገራ አፈር ነው።

ዋልካ የምንለው ጥቁር አፈር በጥቅምት ከላይ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ ሰው ሲሄድበትም ይሸከማል። ከሥሩ ግን ገና ገንፎ ነው። ይህን የማያውቅ መኪና ደረቅ መሬት መስሎት ይገባና ሆዱ ድረስ ይሰጥማል። የተቆጣጣሪው ላንድሮቨር ከቤተ ክርስቲያኑ ብዙ ሳይርቅ ገባ። ሾፌሩ ነዳጅ በሰጠው ቁጥር መኪናው ወደፊት ሳይሆን ወደ ታች ይጓዛል፤ ትንሽ ቢቆይ ኖሮ አሜሪካ በወጣ። ሕዝቡ ከቦ ምክር ሰጠ፤ በሬ ካልተጠመደ እንደማይወጣ ተወሰነ። በሬዎቹ ግን ወደ ሐይቁ ዳር ሣር ወርደዋል፤ ከነገ በፊት አይደርሱም።

እንግዳ ሜዳ ላይ አያድርም። የጭቃ ሹሙ ቤት ከወንዙ ማዶ ነው፤ የኔ ቤት አልጋዋ አንድ ናት፤ እሷም የታካሚ ናት። ቅርቡና ለክብር እንግዳ የሚሆነው ቤት የየኔታ ብቻ ነበር። ጭቃ ሹሙ ይህን ሲረዳ ፊቱ አመድ መሰለ። በደበቃት ላም ጋጥ ውስጥ ባለከብቱን ራሱን ሊያሳድር ነው።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ገባን። ለተቆጣጣሪውና ለሾፌሩ መደቡ ላይ ቁርበት ተነጠፈላቸው፤ ጭቃ ሹሙ ከጓዳው መጋረጃ ፊት ለፊት ሄዶ ተቀመጠ፤ በሰፊ ትከሻው ሊጋርድ። የኔታ ከመጋረጃው በስተጀርባ ትንፋሻቸውን ይዘው ተኝተዋል። ራት ቀረበ። ባለቤቲቱ እያስተናገደች ወደ መጋረጃው አንድም ጊዜ ዞራ አላየችም፤ እንዲህ ያለ ጨዋ ውሸታም ከዚያ ወዲህ አላጋጠመኝም።

ውጭ በረቱ አጠገብ አንድ ዲያቆን ለኅዳር የሚባለውን ዜማ ይለማመድ ጀመር። እኔ ዜማ አላውቅም፤ ለኔ ሁሉም ያማረ ነበር። ዲያቆኑ አንድ ቦታ ሲደርስ ግን ከጓዳው «ዷ» የሚል ነገር ተሰማ፤ ግድግዳ በዱላ እንደመምታት።

ተቆጣጣሪው ጉርሻውን እንደያዘ ቀና አለ።

«ጥጃ ናት» አለ ጭቃ ሹሙ።

ዲያቆኑ ደገመው። እዚያው ቦታ ላይ እንደገና ሳተ። እንደገና «ዷ»። ጭቃ ሹሙ ጥጃዋ ጡት እንዳስጣሏት፣ ስለዚህ እንደምትረብሽ ማስረዳት ጀመረ። ዲያቆኑ ለሦስተኛ ጊዜ ወደዚያች ቦታ ሲቃረብ የየኔታን መከራ ከመጋረጃው ወዲህ ሆኜ ይሰማኝ ነበር። መታገሥ አልቻሉም።

«ተመለስ» አለ ከጓዳው የመጣው ድምፅ፤ ቀስ ብሎ፣ ያለ ቁጣ። «ከላይ ውሰደው።»

ተቆጣጣሪው ጉርሻውን ጎረሰ፤ አላምጦ ዋጠ።

«ጥጃዋ ዜማ ታውቃለች» አለ።

ባለቤቲቱ ወጥ እየጨመረችለት «የኔታ ከይፋግ ገቡ መሰለኝ» አለች።

መጋረጃው ተገለጠ። የኔታ እግራቸውን ዘርግተው፣ መቋሚያቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ተኝተዋል። ቁስሉ በዚያች ጠባብ ጓዳ ውስጥ ስላለ ማስተዋወቅ አላስፈለገውም፤ ሽታው ቀድሞ ወጣ። ተቆጣጣሪው ተነስቶ እጅ ነሳ፤ ከዚያ ቁጭ አለና ለምን እንደተደበቁ ጠየቀ። ለኔ አልነበረም ጥያቄው፤ ለጭቃ ሹሙ ነው። ጭቃ ሹሙም የሚያመልጥበት ሲያጣ የርቢውን ነገር ከሥሩ አስረዳው፦ ባለከብቱን፣ አርቢውን፣ ደንገሉን፣ የሰባችውን ላም። ይህ ልጅ እንዳይነጠቅብን ብለን ነው አለው፤ እኔን እያመለከተ።

ይሥቃል ብዬ ጠበቅሁ። አልሣቀም። እሱም የባለከብት ልጅ እንደሆነ፣ አባቱ ከብቱን ሊያይ ሲሄድ አስቀድሞ የሚገባው ወደ ጫካው እንደነበረ ነገረን። «እኔ ግን በር በሩን ሳይ ዋልሁ» አለ።

የኔታ ይህን ጊዜ ገቡበት። በእንግዳ ፊት መናገር አይወዱም፤ የማስተማር ነገር ሲነሳ ግን አይችሉም። ከውጭ የሚለማመደውን ዲያቆን በአገጫቸው አመለከቱ።

«ይኸ ልጅ የሚያውቀውን ብቻ እያዜመ ቢያሰማኝ፣ እኔም ‹አማረ› ብዬ ብሸኘው፣ ምን ሠራሁ? ጎረቤትም ይለዋል አማረ። እኔ የምቀመጠው የሚስትባት ቦታ እስክትመጣ ነው። እስክትመጣ ዝም ነው። ስትመጣ ተመለስ ነው።»

«እዚያው አጠገቡ ተቀምጠው?» አለ ተቆጣጣሪው።

«ተዚያ ወዲያ የት ልቀመጥ? ይፋግ?»

ያን ጊዜ ሁሉም ሣቀ፤ ጭቃ ሹሙ ከሁሉም ዘግይቶ።

በማግሥቱ ጠዋት እቃዬን ይዤ መጣሁ። ተቆጣጣሪው አንዲት በርጩማ ጎትቶ ከታመመው እግር አጠገብ ተቀመጠ፤ ሰዓቱን ፈትቶ ኪሱ ከተተና ሁልጊዜ እንደማደርገው እንዳደርግ ነገረኝ። ከዚያ ዝም አለ። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ከባድ ዝምታ አልተሸከምሁም። እጄ የሰው እጅ መሰለኝ። ጨርቁን ያዝሁና እንደ ልማዴ ላጥ ላደርገው ስል፣ የኔታም «ብፁዕ ብእሲ» ብለው ዳዊታቸውን ሲጀምሩ፣ የተቆጣጣሪው ጣት ክንዴን ነካው።

«ተመለስ» አለኝ።

የኔታ ዳዊታቸውን አቁመው አንድ ዓይናቸውን ገለጡ። ቃሉ የሳቸው መሆኑን አውቀዋል።

ውሃ አስፈላ፤ ጨው ጨመረበት፤ ለብ ሲል የደረቀውን ጨርቅ አራሰውና እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ቀስ እያደረገ አነሳው። ለመጀመሪያ ጊዜ ጨርቁ ሥጋ ሳይቀድ ተነሳ። ከዚያ ጭንቅላቴን በእጁ ጎንበስ አድርጎ የቁስሉን ዳር አሳየኝ። ከዳሩ ላይ እንደ ወተት ስልባቦት የሳሳ፣ ሮዝ ነገር ነበር።

«ይኸ አዲስ ቆዳ ነው። በየማለዳው የምትገፈው እሱን ነው። የተረፈውን ደግሞ አዮዲኑ ያቃጥለዋል።»

አዮዲኑ ለጭረትና ለአዲስ ቁስል እንጂ ለእንዲህ ያለው እንዳልሆነ ነገረኝ። ፋሻውን እኔ የምጀምረው ከቁስሉ ላይ ነበር፤ እሱ ከእግር ጣቶቹ ሥር ጀምሮ፣ እኩል እያጠበቀ ወደ ጉልበቱ ወጣ፤ ፈታውና እኔን አስጠቀለለኝ፤ ላላብህ አለና ፈታው፤ ጠበቀብህ አለና ፈታው። ደግሞ እግሩ ከፍ ብሎ መቀመጥ አለበት አለ። የኔታ ዛፍ ሥር ሲቀመጡ እግራቸው ተንጠልጥሎ ይውላል፤ ውሃው ሁሉ ወደ ታች ይወርዳል፤ ስለዚህ ነው የሚያዠው። ፔኒሲሊንም ለስንት ቀን እንደምወጋ ወሰነልኝ። ይህን ሁሉ በአንዲት ማለዳ ተማርሁ፤ በርጩማዋ ላይ የሚቀመጥ ሰው ለመላክ ግን መንግሥት ዓመታት ፈጅቶበታል። የላከውም ሰው የተቀመጠው አፈሩ ይዞ ስላስቀረው ነው።

እግሩ መቆረጥ አለበት ወይ ብዬ ውጭ አውጥቼ በሹክሹክታ ጠየቅሁት። አሁን እንደያዝነው ከያዝነው አይቆረጥም አለኝ። «ለኅዳርስ ይገቡ ይሆን?» አልሁት። ማኅሌት ምን ያህል እንደሚያስቆም ጠየቀኝ። ነገርሁት። ላንድሮቨሩን ሊያይ ሄደ።

በሬዎቹ ረፋድ ላይ ደርሰው ላንድሮቨሩን አወጡት። መኪናው ከጭቃው ሲላቀቅ ያሰማው ድምፅ የጋን ውታፍ ሲነቀል እንደሚሰማው ነበር፤ ወረታ ድረስ ተሰምቷል፤ ይህ ግን ማጋነን አይደለም።

ተቆጣጣሪው ከኅዳር ሚካኤል በፊት ሊመለስ ቃል ገብቶ ነበር፤ ማንም አላመነውም። በበቅሎ መጣ። ጭቃ ሹሙ በዚህ ጊዜ ደንገሉን ባዶ ለማድረግ ወሰነ፤ ጥርሱን የታመመ፣ ወገቡን የታመመ፣ ከሚስቱ ጋር ተጣልቶ ሆዱ የታመመ፣ ሁሉም ተነድቶ መጣ። ሁለት በእውነት ያነከሱ ላሞችም ነበሩ። ተቆጣጣሪው በርጩማውን ጎትቶ ከጎኔ ተቀመጠና ቀኑን ሙሉ ዝም አለ። አልፎ አልፎ ብቻ በጣቱ ክንዴን ይነካል። ሕዝቡ አዘነለት። ባለፈው ሲመጣ በመኪና ነበር፤ ይናገር ነበር፤ ያዝዝ ነበር፤ አሁን በበቅሎ መጥቶ ያለ ሥራ ይቀመጣል። ጭቃ ሹሙ ወደ ጎን ወስዶኝ ተሽሮ እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ከተሻረም ማማለድ እንደሚችል ነገረኝ።

የየኔታ ቁስል ማዠቱን ትቶ ነበር፤ ገና አልደፈነም እንጂ። ተቆጣጣሪው አየውና ይግቡ ግን አይቁሙ አለ። ተቀምጦ ማኅሌት መምራት ለሳቸው ሞት ነው ብዬ ስነግረው፣ እሱ ራሱ ሊነግራቸው ሄደ። ሁለቱ ምን እንደተባባሉ አላውቅም። የማውቀው በኅዳር ሚካኤል የኔታ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው፣ እግራቸውን የተጠቀለለ ጋቢ ላይ ሰቅለው፣ ፊታቸውን እንደ ክረምት ሰማይ አጥቁረው ማኅሌቱን መምራታቸውን ነው። ካህናቱ በስህተት ላይ ስህተት ይጨምሩ ነበር፤ እግር የለማ።

ሰውዬው ከዚያ በኋላ ወረታ እየደረሰ በቅሎ እየተከራየ፣ ክረምት ሲሆን በታንኳ እየተሻገረ ይመጣ ጀመር። የወረታውንም ድሬሰር ይዞት ይመጣ ነበር፤ አንዳችን ስንሠራ አንዳችን በርጩማ ላይ እንቀመጣለን። የወረታው ሰው ሰባት ጊዜ ያህል «አዮዲን ጨምር» ሊለኝ አፉን ከፍቶ ዘግቷል። መጸዳጃዬን ያየልኝ ግን ከዚያ ወዲህ የለም። በንጽሕናው ሥራ ፈትቶ ቆየና አንድ ክረምት ሙላቱ ወሰደው።

አሁን እኔም ሸምግያለሁ ለማለት ትንሽ ነው የቀረኝ፤ ያ ሜዳም ሩዝ የሚባል እህል ለምዶ መልኩ ተለውጧል። የኔታን ሳስብ ግን የሚመጣልኝ የሰኔ ሚካኤል ማለዳ ነው። ዝናቡ ጀምሯል፤ ቤተ ክርስቲያኑ ሰው ሞልቷል። የኔታ መቋሚያቸውን ተደግፈው በሁለት እግራቸው ቆመዋል። እኔ ከሕዝቡ መካከል ሆኜ የማየው የሳቸውን ፊት አይደለም፤ የፋሻውን ጠርዝ ነው፤ ላላ ወይስ ጠበቀ እያልሁ። ካህናቱ ወረቡን አነሱ። ጥሩ ይዘውት ሄዱ፤ ጭብጨባው ሞቀ፤ ከዚያ ያ ዲያቆን በጥቅምት ይስታት የነበረችው ቦታ ላይ ሲደርስ ሳተ።

የኔታ አልዞሩም። ቀኝ እግራቸው ተነስታ መሬቱን አንድ ጊዜ መታች።

ዲያቆኑ ከላይ ወሰደው። ፋሻው አልተፈታም።